ፍየሏ የበላችው ባቡር

ጠጋ በሉ! ጠጋ፣ ጠጋ! ቦታው ሁላችንንም ይበቃል።

ጆሮ ያለው ይስማ፤ እግር ያለው ይሰብስብ። ተረቴ ባቡር ነውና ያልተሳፈረ ይቀራል!

ተሳፈራችሁ? በሉ እንሂድ። «ድግድግ! ድግድግ! ቱኡኡት!»

በድሬዳዋ፣ ሐዲድ ዳር፣ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች።

በዚያች ቤት ዘቢባ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትኖር ነበር። ሁለት የፊት ጥርስ ጎድሏታል፤ ወሬ ግን ሞልቷታል።

ዘቢባ ፉአድ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። ፉአድ ስምንት ዓመቱ ነው። ሲስቅ ሳቁ ከጓሮ እስከ በር ይሰማል።

ሁልጊዜ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሁለቱ ከቤቱ ኋላ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ወጥተው ይጠብቃሉ።

ማንን? ባቡሩን ነዋ!

ባቡሩ ከሩቅ ይመጣል። «ድግድግ! ድግድግ! ድግድግ!»

ፉአድ እጁን ያውለበልባል። ዘቢባም ታውለበልባለች። ባቡሩ ደግሞ ይመልስላቸዋል፤ «ቱኡኡት!»

«እኔን ነው ሰላም ያለኝ!» ይላል ፉአድ።

«አቦ ተወኝ! እኔን ነው!» ትላለች ዘቢባ።

«እኔን!»

«እኔን!»

እንዲህ እየተባባሉ፣ እየሳቁ፣ አቧራውን እያቦነኑ ወደ ቤት ይሮጣሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ፉአድ የሮቃ ዛፍ ላይ ወጣ። የሮቃ ፍሬ ሲበሉት ኮምጠጥ ይላል፣ ጣፈጥ ይላል።

ጫፍ ላይ ያለችው ፍሬ አማረችው። ተንጠራራ... ተንጠራራ... አሁንም ተንጠራራ...

«ቀጭ!» አለ ቅርንጫፉ።

«ዱብ!» አለ ፉአድ።

እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ ከጭኑ እስከ ጣቶቹ ድረስ ነጭ ጄሶ አደረገለት። አምስቱ ጣቶች ብቻ ብቅ ብለው ቀሩ።

«ዛፍ የለ፤ ሩጫ የለ፤ ጉብታ የለ» አለው ሐኪሙ። «አልጋህ ላይ ብቻ!»

ፉአድ አልጋው ላይ ተጋደመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሳምቡሳ ላምጣልህ?» አለችው እናቱ።

«አልፈልግም።»

«ተረት ላውራልህ?» አለችው ዘቢባ።

«አልፈልግም።»

ዘቢባ ግራ ገባት። ያ ከጓሮ እስከ በር የሚሰማው ሳቅ የት ሄደ?

ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች። የፉአድ አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው ያለው። ሳቁ የለም።

ፀሐይዋ በረድ ስትል ዘቢባ ብቻዋን ጉብታው ላይ ወጣች። ባቡሩ መጣ። «ድግድግ! ድግድግ! ድግድግ!»

ዘቢባ ሁለቱንም እጆቿን ከፍ አደረገች። «አንዱ የኔ! አንዱ የፉአድ!» ብላ ጮኸች።

«ቱኡኡት!» አለ ባቡሩ።

ዘቢባ እየበረረች ተመለሰች። «ፉአድ! ፉአድ! ባቡሩ ሰላም ብሎሃል!»

«ውሸትሽን ነው» አለ ፉአድ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር። «ባቡሩ እኔን ረስቶኛል።»

ዘቢባ ቀስ ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

እማዬ እሳት ልትጭር ነው። እማዬ ብዙ አታወራም፤ ጆሮዋ ግን ሁሉን ይሰማል።

«እማዬ፣ ፉአድ ወደ ባቡሩ መሄድ ካልቻለ፣ ባቡሩ ወደ ፉአድ መምጣት አይችልም?»

እማዬ የክብሪቱን ቀፎ አንሥታ ወዝወዝ አደረገችው። «ሸክ!» አለ። የቀረችው አንዲት እንጨት ናት።

በእንጨቷ እሳቱን ለኮሰች። ባዶውን ቀፎ ዘቢባ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ አንድ ፉርጎ ናት» አለች እማዬ። «ሌሎቹን አንቺ ፈልጊ። ለፉአድ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ! ድንገት ሲያየው ነው ደስ የሚለው።»

የዘቢባ ዓይን በራ። ሮጠች!

አልጋ ሥር አንድ ቀፎ አገኘች። ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አንድ አገኘች። ጎረቤታቸው አዴ ሩቂያ ደግሞ ሁለት ሰጠቻት።

ስንት ሆነ? አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት ፉርጎ!

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቁ ደጃፍ ሄደች፤ እዚያ የወደቀ ቆርኪ ሞልቷል። ዘቢባ በቀሚሷ አቅፋ አመጣችው።

«ይሄ ጎማው ነው!» አለች።

«የባቡር እግር ጎማ አይባልም፤ ግን ይሁንልሽ» አለች እማዬና ፈገግ አለች። «ምስማርና መዶሻ የኔ ሥራ ነው። ቆርኪ ማቀበል ያንቺ።»

«ኳ! ኳ! ኳ!» እማዬ ቆርኪውን ሁሉ መሐል መሐሉን በሳችው። ዘቢባ ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ግንብ ሥር ባለው በርሜል ጀርባ ተደብቃ «እሽሽ! ፉአድ ይሰማል!» እያለች ታቀብላለች።

ሙጫስ? ሙጫ ከሱቅ አይደለም፤ ከማድቤት ነው!

አንድ ጭብጥ የፉርኖ ዱቄት። አንድ ስኒ ውኃ። እሳት ላይ ጣድ፣ አማስል፣ አማስል...

«ተክ! ተክ! ተክ!» አለ ድስቱ። ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ነጭ ሙጫ ሆነ።

«በሉ እንግዲህ!» አለች ዘቢባ፣ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ።

«ቆረጥ ቆረጥ! ለጠፍ ለጠፍ! ጫን ጫን!»

እስቲ አብረን እንበል፤ «ቆረጥ ቆረጥ! ለጠፍ ለጠፍ! ጫን ጫን!»

በእርድ ቢጫ ቀቧቸው። በከሰል ትንንሽ መስኮት ሣሉላቸው። ቆርኪዎቹን በስንጥር ሰክተው እግር አደረጉላቸው። በክር አንዱን ከአንዱ አያያዟቸው።

ባቡር ሆነ! እውነተኛ የክብሪት ቀፎ ባቡር!

«ሙጫው ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ» አለች እማዬ።

ቤት ውስጥ ካስቀመጡት ፉአድ ያየዋል። ስለዚህ ዘቢባ በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና እጇን ልትታጠብ ገባች።

በዚህ ጊዜ ማን መጣ መሰላችሁ?

ጉርሻ መጣች። ጉርሻ የአዴ ሩቂያ ፍየል ናት። ነጭ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ብቻ ጥቁር ነው።

ያየችውን ሁሉ ስለምትጎርስ ነው ጉርሻ የተባለችው። ትናንት የዘንቢል እጀታ ጎረሰች። ከትናንት ወዲያ የመጋረጃ ጫፍ ጎረሰች።

ዛሬ ደግሞ ባቡሩን አየች። ካርቶን! ላዩ ላይ ደግሞ ዱቄት!

«ሜኤኤ!» አለች ጉርሻ። ከዚያም፣ «ቀርጨም! ቀርጨም! ቀርጨም!»

ቆርኪዎቹን ግን ተፋቻቸው። «ቃ! ቃ! ቃ!»

ዘቢባ እጇን ታጥባ ወጣች። ድንጋዩ አለ። ቆርኪዎቹ አሉ። ባቡሩ የለም።

«ባቡሬን ማን በላው?» አለች ዘቢባ።

ማን በላው? እናንተ ታውቃላችሁ አይደል?

ጉርሻ ቆማ ታያታለች። ጢሟ በእርድ ቢጫ ሆኗል። «ሜኤኤ!»

አዴ ሩቂያ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ወገቧን ይዛ ፍየሏን አየቻት።

«እዩልኝ ይቺን ሆዳም! ቁርስ ሰጠኋት፤ ምሳ ሰጠኋት፤ አሁን ደግሞ ባቡር አማራት?»

ጉርሻን ጎትታ ወሰደቻትና ግቢዋ ውስጥ በገመድ አሰረቻት።

ዘቢባ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። በቀሚሷ ወለወለቻቸው።

«እንደገና እሠራለሁ» አለች። «አሁን ደግሞ ትልቅ!»

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ሰበሰበች። የሳሙና ካርቶን ከክብሪት ቀፎ ይበልጣል፤ መዓዛውም ደስ ይላል።

እማዬ ድስቱን ጣደች። «አንቺ እያማሰልሽ ጠብቂኝ፤ ለፉአድ ውኃ ልስጠው» ብላ ገባች።

ዘቢባ አማሰለች፣ አማሰለች። «ተክ! ተክ! ተክ!»

በጣቷ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጋ ቀመሰች። «እይይ! ጨው የለውም!»

እማዬ ሁልጊዜ ምን ትላለች? «ድስት ያለ ጨው፣ ቤት ያለ ሰው» ትላለች። ዘቢባ ይህን ታውቃለች።

ስለዚህ ከጨው ዕቃው ቆንጠር አደረገች። ጣል! ደግሞ ቆንጠር አደረገች። ጣል! ለማንም አልተናገረች።

«ቆረጥ ቆረጥ! ለጠፍ ለጠፍ! ጫን ጫን!»

ይህኛው ባቡር ከፊተኛው ረዘመ። በቀይ ሥር ጭማቂ ቀቡት፤ ሮዝ ሆነ።

«አሁን የት ይድረቅ?» አለች እማዬ።

«እላይ!» አለች ዘቢባ። «ጉርሻ የማትደርስበት!»

የአጥሩ ግንብ ላይ ሰቀሉት። ጉርሻም ታስራለች፤ ግንቡም ረጅም ነው። ምን ይመጣል?

በአዴ ሩቂያ ግቢ ጉርሻ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀሰረች። «እምፍ! እምፍ!» አንድ ነገር ሸተታት።

ጨው! ፍየል ጨው እንዴት እንደምትወድ ብታዩ!

ገመዱን አየችው። «ቀርጨም! ቀርጨም!» ገመዱ አለቀ።

ከግቢው ወጣች። በርሜሉ ላይ ዘለለች። ከበርሜሉ ግንቡ ላይ ዘለለች። «ሜኤኤ!»

«ቀርጨም! ቀርጨም! ቀርጨም!»

በዚህኛው ጊዜ ቆርኪዎቹን እንኳ ቶሎ አልተፋችም። ስትልሳቸው፣ ስትልሳቸው ቆይታ ነው የተፋቻቸው። «ቃ... ቃ... ቃ...»

ዘቢባ ወጣች። ቀና ብላ አየች። ግንቡ ላይ ባቡር የለም፤ ፍየል አለች!

«ባቡሬን ማን በላው?»

ጢሟ ሮዝ የሆነው ማን ነው? ጉርሻ!

ዘቢባ ፉአድ እንዳይሰማት አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። እንባዋ በጣቶቿ መሐል ጠብ፣ ጠብ አለ።

አዴ ሩቂያ የተበላውን ገመድ ይዛ መጣች። «ይቺ ፍየል ምን ነካት? ቆርኪ ስትልስ አይቼ አላውቅም! ፍየል እንዲህ የምትሆነው ጨው ሲሸታት ነው።»

ዘቢባ ማልቀሷን አቆመች። እግሯን አየች። ሰማዩን አየች።

«ዘቢባ?» አለች እማዬ።

«ትንሽ ነው የጨመርኩት» አለች ዘቢባ ቀስ ብላ። «ሁለት ቁንጥር ብቻ። ድስት ያለ ጨው፣ ቤት ያለ ሰው ብለሽ የለ?»

እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። አዴ ሩቂያ ወደ ሰማይ አየች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በሳቅ ፍርፍር አሉ!

«ልጄ፣ ለፍየል ምሳ ሠርተሽ፣ ጨው አድርገሽ፣ ቀለም ቀብተሽ አቀረብሽላት እኮ!» አለች አዴ ሩቂያ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ዘቢባ ግን አልሳቀችም። «በቃ! ሁለተኛ አልሠራም!» ብላ ወደ ቤት ገባች። ከፉአድ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከሩቅ ድምፅ መጣ። «ድግድግ... ድግድግ... ቱኡኡት...»

ዘቢባ ደነገጠች። ጉብታው! ዛሬ ጉብታው ላይ አልወጣችም!

«ዛሬ ማንም አላውለበለበለትም» አለ ፉአድ ለግድግዳው። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የአንዲት ጉንዳን ያህል።

ዘቢባ ወንድሟን ከጀርባው አየችው። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እሠራለሁ» አለች በሆዷ። «ቢበላም እሠራለሁ!»

ግን እንዴት? ጉርሻ ገመድ ትበላለች። ጉርሻ ግንብ ትወጣለች። ጉርሻ ካርቶን ትወዳለች፣ ዱቄት ትወዳለች፣ ጨው ትወዳለች።

ጉርሻ የማትወደው ምንድን ነው?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ዘቢባ ወጥ ትበላ ነበር። «እፍፍ! እፍፍ! አቃጠለኝ!» ብላ ምላሷን አወጣች። በእጇ አራገበችው።

ምላሷን እንዳወጣች ዓይኗ ፈጠጠ። «እማዬ! ጉርሻ በርበሬ ቀምሳ ታውቃለች?»

እማዬ ተነሥታ የበርበሬውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች።

ካርቶን ግን አልቋል! ክብሪቱም፣ ሳሙናውም ጉርሻ ሆድ ውስጥ ነው።

«ኳ! ኳ! ኳ!» በሩ ተንኳኳ። አዴ ሩቂያ ናት፤ በብብቷ የጫማ ካርቶን ይዛለች። በካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ካርቶን አለ፤ የሻይ ቅጠል፣ የብስኩት፣ የሻማ!

«ፍየሌ የበላችውን እኔ ልካስ» አለች። «እጄንም ይዤ መጥቻለሁ። መቁረጥ እችላለሁ!»

«ፊቱስ? ከፊት ከፊት የሚሄደው ምን ይሁን?» አለች ዘቢባ።

እማዬ የፉአድን የመድኃኒት ካርቶን አመጣች። መድኃኒቱ አልቆ ባዶ ሆኗል። «ይሄ ይምራ» አለች።

ሙጫው ተጣደ። «ተክ! ተክ! ተክ!» እማዬ አንድ ማንኪያ በርበሬ ጨመረች። ነጩ ሙጫ ቀላ፣ ቀላ፣ ደም መሰለ።

«ልቅመሰው?» አለች ዘቢባ።

«እንዳትሞክሪ!» አሉ እማዬና አዴ ሩቂያ በአንድ አፍ።

«በጣትሽም አትነኪው፤ ዓይንሽን ያቃጥልሻል» አለች እማዬ። የዶሮ ላባ አመጣችና ሙጫውን በላባው ቀባችው። ዘቢባ ትቆርጣለች፤ አዴ ሩቂያ ትጫናለች።

«ቆረጥ ቆረጥ! ለጠፍ ለጠፍ! ጫን ጫን!»

በሙጫው ላዩንም ቀቡት። ቀይ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ባቡር! ያለ ቀለም ቀለም ሆነ።

ወስደው የፉአድ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ፀሐይ ላይ አኖሩት። ፉአድ እንደሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው፤ አያየውም። ከዚያ ሦስቱም ከበርሜሉ ጀርባ ተደበቁ።

ዘቢባ እማዬን ተጠጋች። እማዬ አዴ ሩቂያን ተጠጋች። አዴ ሩቂያ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

እሽሽሽ...

«ሜኤኤ!» መጣች!

ጉርሻ ቀይ ባቡሩን አየች። ጠጋ አለች። አሁንም ጠጋ አለች። ምላሷን አወጣች...

ላስ!

ጉርሻ ቀጥ አለች። ጥቁር ጆሮዋ ቆመ። ነጭ ጆሮዋም ቆመ።

«እን...» አለች ጉርሻ። «እን... እን...»

«እንጥሽ!»

ወደ ኋላ ተስፈነጠረች። «እንጥሽ!» ግቢውን አንዴ ዞረች። «እንጥሽ!» ሁለተኛ ዞረች። የውኃውን ባልዲ አገኘችና አፏን ነከረች። «እንጥሽ!» ውኃው ተረጭቶ እማዬን አራሳት!

ያን ጊዜ ነው ከመስኮቱ ድምፅ የመጣው።

«ቃ... ቃቃ... ቃቃቃቃ!»

ቆርኪ አይደለም። ሳቅ ነው! ከጓሮ እስከ በር የሚሰማ ሳቅ!

ፉአድ በክርኑ ተደግፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በመስኮቱ ያያል። «ፍየሏ አስነጠሳት! እማዬ፣ አየሻት? ፍየሏ አስነጠሳት!» እያለ ሆዱን ይዟል።

ዘቢባ ከበርሜሉ ጀርባ ወጣች። የጠፋው ሳቅ ተገኘ!

ፉአድ መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን አየ። ሳቁ ቆመ። አፉ ተከፈተ።

«ይሄ... ባቡር ነው?»

«ያንተ ነው!» አለች ዘቢባ። «አንተ ወደ እሱ መሄድ ስላልቻልክ፣ እሱ ወዳንተ መጣ! እንዳትልሰው ብቻ!»

አዴ ሩቂያ ወደ ፍየሏ ሄደች። ዘቢባም ከማድቤት የጥቅል ጎመን ቅጠል ይዛ ሄደች።

«ይቅርታ ጉርሻ» አለቻት። «ያንቺ ይኸውልሽ፤ የፉአድን ግን ተዪለት።»

«ቀርጨም» አለች ጉርሻ ቀስ ብላ። በአንድ ዓይኗ ባቡሩን ታየዋለች፤ አልተጠጋችም።

ሙጫው ሲደርቅ እማዬ ባቡሩን ላይ ላዩን በንጹሕ ቀይ ወረቀት ሸፈነችው፤ በርበሬው እጅ እንዳይነካ። ዘቢባ በወረቀቱ ላይ በከሰል መስኮት ሣለች። ከዚያ ፉአድ አልጋ ላይ አኖረችው።

ፉአድ ገፋ አደረገው። ፍራሹ ሰመጥ ሰመጥ ይላል፤ ባቡሩ በጎኑ ወደቀ። «ሐዲድ የለውም» አለ።

ዘቢባ ዙሪያዋን አየች። ፉአድም ዙሪያውን አየ። ከዚያ እግሩን አየ።

እግሩ ረጅም ነው። ጠንካራ ነው። ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ዘቢባ» አለ ፉአድ። «ከሰል አምጪልኝ!»

ፉአድ ጄሶው ላይ ሁለት ረጃጅም መስመር ሠራ። ዘቢባ በመሐሉ ትንንሽ መስመር አሰመረች። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት!

«ሐዲድ!» አለች ዘቢባ።

«ሐዲድ ብቻ አይደለም፤ ድልድይ ነው» አለ ፉአድ። «በከተማው የእግር ድልድይ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ!»

ባቡሩ ከጭኑ ተነሣ። «ድግድግ! ድግድግ! ድግድግ!» ጉልበቱን አለፈ። ጣቶቹ ጋ ደርሶ ቆመ።

አምስቱ ጣቶች ተወዛወዙ። «ተሳፋሪዎች ናቸው!» አለ ፉአድ። «ትልቁ ጣት ወፍራም ነው፤ ለብቻው አንድ ፉርጎ ይያዝ!»

«ትንሿ ጣትስ?»

«እሷ አንቺ ነሽ። መስኮት አጠገብ ትቀመጥ።»

እማዬ ሳምቡሳ ይዛ ገባች። «ሳምቡሳ የሚፈልግ አለ?» አለች።

«እኔ!» አለ ፉአድ። አንድ በላ። ሁለት በላ። ሦስተኛውን ከዘቢባ እጅ ነጠቀ!

«አቦ ተወኝ!» አለች ዘቢባ። ግን እየሳቀች ነው።

ፀሐይዋ በረድ አለች። ዘቢባ ብድግ አለች። «ጉብታው! ሮጬ ላውለብልብለት!»

«ቆይ» አለ ፉአድ። «ዛሬ እዚህ ሁኚ። እኔ ልጥራው።»

ሁሉም ዝም አሉ። አዴ ሩቂያም በበሩ ገብታ ዝም አለች። ከሩቅ መጣ፤ «ድግድግ... ድግድግ... ድግድግ...»

ፉአድ ቀይ ባቡሩን በእጁ ወደ መስኮቱ አነሣ። አየር ሳበ። ደረቱ ሞላ። «ቱኡኡኡኡት!» ብሎ ጮኸ።

ጠበቁ።

ጠበቁ።

«ቱኡኡኡኡት!» አለ ትልቁ ባቡር ከሐዲዱ።

«ሰማሽ?» አለ ፉአድ። ዓይኖቹ እንደ ፋኖስ በሩ። «ዘቢባ፣ ሰማሽ? አልረሳኝም!»

«እኔን ነው እኮ የመለሰው» አለች ዘቢባ።

«እኔን!»

«እኔን!»

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሻሿን ዓይኗ ላይ ነካ አደረገች።

ማታ ትንሹ ባቡር ፉአድ እግር ላይ፣ ከአምስቱ ተሳፋሪዎች አጠገብ ቆመ። ዘቢባ ጎኑ ተኛች። እማዬ ሁለቱንም አንድ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው።

«ፉአድ» አለች ዘቢባ፣ ዓይኗ እየተከደነ። «እግርህ ሲድን ድልድዩ ይፈርሳል?»

«ሐኪሙን ጄሶውን ስጠኝ እለዋለሁ» አለ ፉአድ። «አንቺ ባቡሩን እየነዳሽ ትሄጂበታለሽ።»

ከደጅ፣ ከአዴ ሩቂያ ግቢ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ መጣች። «...እንጥሽ።»

ሁለቱ ብርድ ልብሱ ሥር ተሳሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀነሰ፤ ቀነሰ፤ እንቅልፍ ሆነ።

የኔም ባቡር ጣቢያው ደረሰ። «ድግድግ... ድግድግ... ድግ...»

ወራጅ አለ? ወራጅ ካለ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ጣቢያው ትራሱ ነው።